ቅዳሜ ያልተቆረጠው የሙዝ ዳቦ

ለምወድህና ለምቆጣህ ባለቤቴ፣ ለምሕረት አባት፤

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ በሕይወት እያለህም እንዴት ነህ ስትባል አለሁ ከማለት ሌላ መልስ አልነበረህም። ስለዚህ እኔው ላውራ፣ አንተ ስማ። ሃያ ስድስት ዓመት የኖርነው እንደዚሁ ስለሆነ አይቸግርህም።

እኛ ደህና ነን። ሶዶ ከተማችንም እንደምታውቃት ናት፤ ጠዋት ከዳሞታ ተራራ በኩል ብርዱ ይወርዳል፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ይመጣል፣ ባጃጁ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። በራችን ላይ ኮብልስቶን ሊነጠፍ ነው ይሉህ የነበረው አሁንም ሊነጠፍ ነው። የሚያፈሰውን የኩሽና ጣራ ወንድምህ ማርቆስ መጥቶ ጠገነው። አንተ ሦስት ክረምት ሙሉ ባልዲ ከሥሩ ስታስቀምጥ የኖርክበትን ቀዳዳ እሱ በግማሽ ቀን ጨረሰው። አትቆጣ፣ እውነቱን ነው የምነግርህ። እኔም አራተኛ ክፍል ማስተማሬን አልተውኩም፤ ድምፄ ግን እንደ ድሮው አይወጣም፣ ተማሪዎቹም አውቀውብኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ለምሕረት ሽማግሌ መጣ። አዎ፣ ለዚያች ጫማዋን በግራና በቀኝ ታፈራርቅ ለነበረችው ልጅህ! ልጁ ይስሐቅ ይባላል፣ ቦምቤ ከተማ አስተማሪ ነው። ሰው አክባሪ ነው፣ ሲበላም አይቼዋለሁ፣ ደህና አድርጎ ይበላል። አንተ ሰውን የምትመዝነው በዚህ ስለነበር ነው የምነግርህ። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ሲመጡ ማርቆስ በአንተ ቦታ ተቀምጦ እንደ ወጉ ቀጠሮ ሰጣቸው። መልስ የምንሰጥበት ቀን ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ሆነ።

ያን ዕለት ማታ ምሕረት አጠገቤ ተቀመጠችና አንድ ነገር ለመነችኝ። ልብስ አላለች፣ ወርቅ አላለች። በመልሱ ቀን የአባቴ የሙዝ ዳቦ ማዕዱ ላይ ይኑርልኝ አለች። እሱ ባይኖር ዳቦው ይኑር፣ አለዚያ አባት እንዳልነበራት ልጅ ነው የምሰጠው አለችና ፊቷን አዞረች። እኔስ ምን ልበላት? እሺ አልኩ። አፌ እሺ አለ እንጂ ያንን ዳቦ መጋገር የት አውቅና!

ጥፋቱ የማን ነው ቢባል ያንተ ነው። ወጣት ሳለህ ዱቦ ሚሲዮን ኩሽና ስትሠራ ከአንዲት መነኩሲት የተማርከውን፣ በእንግዳ ማረፊያው ስንቱን እንግዳ ያስደሰትክበትን ሙያ ለገዛ ሚስትህ አላሳየህም። ቅዳሜ ሲመጣ እኔንና ምሕረትን ከኩሽና ታስወጣና በሩን ትዘጋለህ። ጎረቤታችን አስቴር፣ ሚስት እያለችው ኩሽና የሚዘጋ ወንድ በእናንተ ቤት አየሁ እያለች ስትስቅብን ኖራለች፤ ዳቦው ሲቆረጥ ግን ከማንም ቀድማ የምትገኘው እሷ ናት። እንዴት ነው የምትሠራው ስልህ ሙዙን ጠይቂው ትለኛለህ። አጥብቄ ስይዝህ ሙያ በልብ ነው ብለህ ትስቃለህ። በልብህ እንደያዝከው ሄድክ፤ ይኸው!

ከሁሉም የሚያበሽቀኝ ግን የእሁዱ ነገር ነበር። ቅዳሜ የጋገርከውን እሁድ ከጸሎት ቤት መልስ ካልሆነ ቢላ አታስነካም። ቤቱ በመዓዛው ታውዶ እኛ ምራቃችንን እየዋጥን እናድራለን። ለምን ስንልህ አይቆረጥም ነው መልሱ፣ ሌላ ቃል የለም። ግትርነት ነበር የሚመስለኝ።

ያቺን ቅዳሜማ መቼም አልረሳትም። እናቴ በዚያ ክፉ መንገድ ከገሱባ ተንገጫግጫ፣ ቅቤ በኮባ ጠቅልላ ይዛልህ መጣች። ዳቦው ከእሳት መውጣቱ ነበር። ዶሮ ሠርተህ አበላሃት፣ ውኃ አሙቀህ እግሯን አጠብክላት፣ አልጋችንን ለቀህላት መደብ ላይ ተኛህ፤ ዳቦውን ግን ነገ ነው አልካት። እሷ ደግሞ ልትወልድ የደረሰች ላም ጥላ ስለመጣች በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መኪና ይዛ ተመለሰች። ሳትቀምስ! አማቼ ዳቦ ደበቀብኝ ብላ ለገሱባ ገበያ በሙሉ አወራች። እኔም ሦስት ቀን አላናገርኩህም። በአራተኛው ቀን አናገርኩህ እንጂ ነገሩ ከሆዴ አልወጣም፤ አሥራ ሰባት ዓመት ተቀምጦ ነበር። አንተም ታውቀው ነበር መሰለኝ፣ የእናቴ ስም በተነሣ ቁጥር ወደ ጓሮ ትወጣ ነበር።

ሌላም የማታውቀው ነገር አለ። በተለየኸን ሐሙስ ደም ግፊቱ ድንገት ሲጥልህ ለቅዳሜ ያስቀመጥከው ሙዝ ኩሽና መደርደሪያው ላይ ጠቁሮ ነበር። ለለቅሶ የመጡት ሴቶች ቤቱን ሲያጸዱ የተበላሸ መስሏቸው ለአስቴር ላም ሰጡት። እያየሁ አልከለከልኳቸውም፤ በዚያ ቀን ስለ ሙዝ ማን ያስባል? ከወር በኋላ ነው ትዝ ብሎኝ ኩሽናው ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ያለቀስኩት። የመጨረሻውን ዳቦህን የበላችው ላሚቱ ናት።

እንግዲህ ሦስት ሳምንት አለኝ ብዬ ጀመርኩ። መጀመሪያ የሚያምር ቢጫ ሙዝ ገዛሁ፤ ተማሪዎቼ እናቶቻቸውን ተከትለው በሚመጡበት ገበያ መካከል ቆሜ የጠቆረ ሙዝ ስመርጥ መታየቱ አሳፈረኝ፣ እስኪጠቁር መጠበቁም አላስቻለኝም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። የወጣው ነገር ዳቦም አይደል፣ ድንችም አይደል፤ ውሻችን እንኳን አሽትቶ ጥሎት ሄደ። ሁለተኛ ጊዜ ሙዙ እስኪጠቁር አምስት ቀን ታገሥኩ። በሹካ መጨፍለቁ ሰለቸኝና ሙቀጫ ውስጥ ከትቼ ወቀጥኩት። ሞት ይርሳኝ፣ ሙቀጫው ዳጣ የምወቅጥበት ነው! ቃሪያውና ነጭ ሽንኩርቱ ስንት ዓመት እንጨቱ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ኖሯል። ምሕረት አንዴ ጎረሰችና ዓይኗ እንባ ሞላ። አባቷ ትዝ ብሏት ነው ብዬ አቀፍኳት፣ እኔም ማልቀስ ጀመርኩ። እሷ ለካ አቃጥሏት ነው፤ እማዬ ልቀቂኝ ውኃ ልጠጣ አለችኝ። ያን ዕለት አንተ ከሞትክ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ሦስተኛው ላይ ምሕረት ከስልኳ እያየች እየነገረችኝ ሁሉንም ነገር ልክ አደረግሁ። ሙዙ የጠቆረ፣ ቅቤው ለጋ፣ እንቁላሉ የቤት ዶሮ። አስቴር መዓዛውን ተከትላ መጣች፤ የሸተተው ሰው ደግሞ ሳይቀምስ አይሸኝም፣ ስለዚህ ትኩሱን ቆረጥኩ። ጣዕሙ ወደ አንተ ዳቦ ቀረበ። ግን ደረቅ ነው፣ ይፈረፈራል፣ ጉሮሮ ላይ ይቆማል። ያንተ እኮ ጣት ላይ የሚለጠፍ፣ ውኃ የማያስጠይቅ ነበር። አራተኛው ላይ ወተት ጨመርኩ፣ ቅቤ ጨመርኩ፣ ትኩሱን ቆርጠን ቀመስነው፣ ያው ነው። ምሕረት ጥሩ ነው እማዬ ትለኛለች፤ ግን እንዳይከፋኝ ብላ እንደሆነ አውቃለሁ።

ቅዳሜ ደረሰ። በማለዳ ተነሣሁ። ኮባ ከጓሮ ቆርጬ እሳት ላይ ለብለብ አደረግሁና ብረት ድስቱን አለበስኩት፣ ሊጡን ገለበጥኩበት፣ ከታች ከሰል፣ ከክዳኑ ላይ ፍም። ጌታ ሆይ የዛሬውን ብቻ አልኩ። ሲወጣ ጠርዙን ቆንጥሬ ቀመስኩ። ደረቅ! ጣቴንም አቃጠለኝ።

ጣቴን ውኃ ውስጥ ነክሬ ሳለሁ የይስሐቅ አጎት ደወለ። መንደራቸው ሰው ሞቷል። ሽማግሌዎቹ ቀብር ጥለው ለሠርግ ጉዳይ አይመጡም፤ ይቅርታ አድርጉልን፣ ነገ ከጸሎት በኋላ እንመጣለን አለ። ለቅሶ ከመጣ ምን ይባላል? እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብዬ ዘጋሁ። ምሕረት ግን ሐሳባቸውን ለውጠው ነው ብላ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ቅር ያላቸው በእኛ ነው፣ አባት የሌለበት ቤት ሆነንባቸው ነው አለች። ይህ ቃል አንጀቴን በላው። እሷን አባብዬ ስወጣ ያ ዳቦ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ተናደድኩበት። በተረፈው ኮባ ጥቅልል፣ በወፍራም ፎጣ ድጋሚ ጥቅልል አድርጌ ትልቁ ድስት ውስጥ ከተትኩትና ከደንኩት። ነገ ድንጋይ ይሆናል፣ ይሁን አልኩ።

እሁድ ከሰዓት አራቱ ሽማግሌዎች መጡ። ምሳ ተበላ፣ ተመሰገነ። ማርቆስ በዓይኑ ሲጠቅሰኝ ወደ ኩሽና ገባሁ፣ ድስቱን ከፈትኩ። ፎጣው ርሷል። ደነገጥኩ፣ የተበላሸ መሰለኝ። ኮባውን ስገልጠው ያ እንደ ቅርፊት የነበረው ጠርዝ ለስልሶ ያብረቀርቃል። ቢላ ሰደድኩበት፣ ሳይፈረፈር ተቆረጠ። ጣቴ ላይ ተለጠፈ። ቀመስኩት።

አንተ ነህ! ራሱ፣ ያንተው ዳቦ ነው! ቢላውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ለካ እሁድ ድረስ የምታቆየው ለዚህ ኖሯል! ለካ በራሱ ሙቀት ታፍኖ ማደር ነበረበት! የዳቦው ምስጢር ከሙዙም ከቅቤውም አይደለም፣ እኔ ግትርነት ስለው የኖርኩት ነገር ውስጥ ነበር። ምነው የምሕረት አባት? ይደር፣ ነገ ይርሳል፣ ነገ ይጣፍጣል ብትለኝ አፍህ ይጎድል ነበር? እናቴንስ የነፈግካት መስሎኝ ነበር፤ አንተ ግን የደረቀውን ልታበላት አልፈለግክም፤ ጥሩው እስኪደርስ ነበር የጠበቅህላት። አሥራ ሰባት ዓመት በከንቱ ተቀየምኩህ። ይቅር በለኝ፣ የኔ ጌታ። በፊትህ ማለት ሲገባኝ አሁን በወረቀት እላለሁ፣ ይቅር በለኝ።

ግን ደግሞ በዚህ አልሸነፍልህም፤ ለእናቴ ደረቁንም ቢሆን መቁረጥ ነበረብህ። ሰኞ ዕለት በገሱባ መኪና አንድ ሙሉ ዳቦ ላክሁላት። ቀምሳ ደወለችልኝ። አማቼ ቢያዘገየውም አልካደኝም አለች። ታርቃችኋል ማለት ነው።

ወደ ሽማግሌዎቹ ልመልስህ። ዳቦውን አቀረብኩ። በሉ። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ሁለተኛ ቁራጭ አንሥተው ይህን የጋገረችው የማን እጅ ናት፣ ትባረክ አሉ። እኔ አፌን ሳልከፍት ምሕረት ከጓዳው በር ላይ አባቴ ነው አለች። ሽማግሌ ተቀምጦ ልጅ አይናገርም፣ አንተም ብትኖር ትገሥጻት ነበር። ማንም አልገሠጻትም። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅንቀው አባትሽን እግዚአብሔር ያሳርፈው አሏትና ቁራጩን ጨረሱ። ከዚያ ማርቆስ የወንድሜ ቃል እሷ ጋ ነው ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ድምፄ እንደ ድሮው ወጣ። አባቷም እኔም ሰጥተናታል አልኩ። ሳላማክርህ በአንተ ስም ተናገርኩ፤ ካጠፋሁ ስመጣ ትነግረኛለህ። የተሳሳትኩ ግን አይመስለኝም። ሠርጉ ከዘመን መለወጫችን ከጊፋታ በኋላ ነው።

ምስጢርህን እኔ አልደብቀውም። ምሕረት ደብተሯ ላይ ጽፋዋለች፣ አስቴርም ሰምታለች፣ አስቴር ሰማች ማለት ደግሞ መንደሩ ሰማ ማለት ነው። ሲጋግሩ ስምህን ይጥሩ፣ ዋጋዬ ይኸው ነው። እኔ ደግሞ ደግነትህን ብቻ መርጬ አላስታውስህም፤ ከነዝምታህ፣ ከነግትርነትህ፣ ከነሳቅህ እንዳለህ አስታውስሃለሁ፤ ቃሌ ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝልህና ላብቃ። ይህን አንድ ዓመት በየጠዋቱ ተንበርክኬ፣ ጌታ ሆይ ቶሎ ወደ እሱ ውሰደኝ እያልኩ እጸልይ ነበር። ለምሕረትም ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያች እሁድ ወዲህ ይህን ጸሎት ትቼዋለሁ። ልጄን ልድር፣ ከተሰጠኝም የልጅ ልጅ ልታቀፍ። እወድሃለሁ፣ ግን ገና ነኝ። ትንሽ ጠብቀኝ።

የምሕረት እናት