ገመድ የሌለው ቤዝ

ሰኞ

አስጠላኝ። የዛሬውን ልምምድ በስልኬ ቀድቼ ነበር፤ ቤት ገብቼ ከፈትኩትና ግማሹ ላይ ዘጋሁት። ይሄ ቤዝ አይደለም። ሰው ባዶ በርሜል ደረጃ ላይ ሲያንከባልል ነው የሚመስለው። ያውም እያነከሰ።

የአበሻው ዘፈን ላይ ደህና ነኝ። ችክችካ ማንም አላስተማረኝም፤ ትከሻዬ ያውቀዋል፣ ጣቶቼ ትከሻዬን ይከተላሉ። የሱዳኑ ላይ ስንደርስ ግን ጣቶቼ የሌላ ሰው ይሆናሉ። የኮንጎው ዓይነትማ ባይነሳ ይሻላል። ድራም የሚመታው ኻሚስ ዛሬ ስንቴ እንዳስቆመኝ!

"እግርህ ሁለት፣ እጅህ ሦስት" ይለኛል።

ኻሚስ የኑባ ተራሮች ሰው ነው፣ ያደገው ግን እዚህ ካርቱም፣ ማዮ ሰፈር ነው። አማርኛውን ከባንዱ ወንዶች ስለለመደ እኔንም "አንተ" ነው የሚለኝ። እግሬ ሁለት ጊዜ ሲረግጥ እጄ በዚያው ጊዜ ውስጥ ሦስት ይምታ ማለቱ ነው። ይገባኛል። የሚያናድደኝም መግባቱ ነው። ገብቶኝ አልችልም።

"ደግሞ አንደኛዋን ምት ተዋት" አለኝ። "አንደኛዋ የድራም ነች፣ የእኔ። አንተ ሁልጊዜ እላይዋ ላይ ትወድቃለህ።"

የምንለማመድበት ክፍል አል-ሳሃፋ ሰፈር፣ ዶሮ ሻጩ ጀርባ ነው። የተነጨ ላባ በበሩ ሥር ይገባል፤ የታጠበበት ውሃ ከግድግዳው ሥር አረንጓዴ ሆኖ ተኝቷል። ዛሬ ላባ የጊታሬ ክሮች መሀል ገብቶ አገኘሁ። በጥፍሬ ሳወጣው እርጥብ ነበር።

እሑድ የደንበኛዬ የሃና ሰርግ ነው። የድሮው ቤዝ ተጫዋች ወደ ግብጽ ሲሄድ ጊታሩን እኔ ገዛሁት፤ የባንዱ ባለቤት ጋሽ መላኩ ደግሞ "እሑድ መድረክ ላይ ትቆሚያለሽ" አለኝ። በሕይወቴ የመጀመሪያው መድረክ። እና እኔ በርሜል አንከባልላለሁ።

ማክሰኞ

የጣቶቼ ጫፍ ውሃ ቋጥሮ ፈነዳ። ሥራዬ ጸጉር ቤት ነው፤ ጠዋት ጸጉር ማለስለሻውን፣ ሪላክሰሩን፣ ስቀባ ቁስሉ ውስጥ ገባ። ደንበኛዋ በመስታወት አይታኝ "ምን ሆንሽ?" አለች። ጥርሴን ነክሼ ሳቅኩ። ጓንት ሳደርግ ደግሞ ላብና መድኃኒቱ ተቀላቅለው የበሰበሰ እንቁላል ይሸታሉ። ቀኑን ሙሉ እጄን ከአፍንጫዬ ሳርቅ ዋልኩ።

ሃና የሰርጓን ጸጉር ልትሞክር መጣች። እዚሁ ካርቱም ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ጥሩ ሆኖ ሳለ መሀል መሀሉ ላይ ዓረብኛ ይሾልካል። የምጫወተው እኔ መሆኔን ሰምታለች።

"ዋላሂ እኔ ኮምፒውተር አልፈልግም" አለች። "የእህቴ ሰርግ ላይ ሰውየው ቁልፍ ነካ፣ ኻላስ፣ በቃ፣ ተቀመጠ። ሁሉንም ማሽኑ ዘፈነው። እኔ ያዕኒ... እዚህ እንዲመታኝ ነው የምፈልገው።" ሆዷን ያዘች። "አንቺ ትመቺያለሽ አይደል?"

"እመታለሁ" አልኳት። ማበጠሪያው ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

ከሰዓት የጋሽ መላኩ የድምፅ መልእክት መጣ። ቀይ ቀሚስ አለሽ ወይ። አጠር ያለ። ጸጉርሽን ልቀቂው። ፈገግታ አትርሺ፣ ቪዲዮ አለ። ስለ ዘፈኖቹ አንድ ቃል የለም። እያላመጠ ነው የቀዳው፤ "አጠር ያለ" ሲል ጥርሱ መሀል የቀረውን ምላሱ ሲፈልገው ይሰማል። አጠፋሁትና ስልኩን በቀሚሴ ጠረግኩት።

በፊቱ አንቱ ነው የምለው። እዚህ ግን ይቅርበት።

ረቡዕ

ማዮ፣ ኻሚስ ቤት። ዛሬ ጊታሩን እንድይዘው እንኳ አልፈቀደልኝም።

"አስቀምጠው። ና፣ እንሂድ።"

አቧራው መንገድ ላይ አወጣኝ። በእግሬ እየሄድኩ ቤዙን በአፌ እንድመታ ነው የፈለገው። እግር ሁለት፣ አፍ ሦስት። እሱ አጠገቤ እየሄደ በመዳፉ ጭኑን ይመታል። "ዱም... ዱ-ዱም" እያልኩ ጀመርኩ። ወዲያው እግሬ አፌን ተከተለና ተደናቀፍኩ። እንደገና። እንደገና። መንገዱ ዳር የቆመ የቆሻሻ ውሃ አለ፤ ሲሸተኝ አፌን እዘጋለሁ፣ ስዘጋ ምቱ ይጠፋል።

"በአፍንጫህ አትስማ" አለኝ። ራሱም ሳቀ።

አንዲት ሻይ ሻጭ ብርጭቆዋን እያጠበች ተመለከተችን። "ሐበሺያዋ ምን ነካት?" አለችው በዓረብኛ። "ቤዝ ነካት" አላት። ልጅቷ ታማለች ብላ መሰለኝ፣ "አላህ ይሻፊሃ"፣ ይማራት፣ አለች ከልቧ።

በፍየሎቹ በረት በኩል ስንታጠፍ መጣ። እንዴት እንደመጣ አላውቅም። እግሬ በራሱ መንገድ ይሄዳል፣ አፌ በራሱ፤ ሳይጣሉ። አንደኛዋን ባዶ ትቻት አለፍኩ፣ ኻሚስ በመዳፉ ሞላት። ካቆምኩ ይጠፋል ብዬ ፈራሁና እስከ ዋናው መንገድ ድረስ አላቆምኩም። ሚኒባስ ውስጥም ቀጠልኩ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ቦታ ቀየረ።

ሳምንቱን ሙሉ የመጀመሪያዋ ደስታ። በጣም አላምናትም፤ ነገ ትጠፋ ይሆናል።

ሐሙስ

አልጠፋችም። ዛሬ ከጊታሩ ጋርም መጣች። የሱዳኑን ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ ወድቄ ተጫወትኩት። ኻሚስ ቀና ብሎ ሳያየኝ ራሱን ነቀነቀ። ከዚህ በላይ ሽልማት አልፈልግም ነበር።

ከዚያ ጋሽ መላኩ ከኪቦርዱ ጀርባ ተነሳ። መጣና ከአምፑ፣ ከድምፅ ማጉያው፣ የሚመጣውን ገመድ ከጊታሬ ላይ ነቀለው። እንደ ቀልድ። ጠቅልሎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

"ጥሩ ነሽ፣ እየመጣሽ ነው" አለኝ። "እሑድ ግን ይሄ አያስፈልግሽም። ቤዙን ማሽኑ ይዞታል። አንቺ ያዢውና ተወዛወዢ።"

አልገባኝም። "ገመድ ከሌለ አይሰማም እኮ፣ ጋሼ" አልኩ፤ እንደ ሞኝ።

"ሰው በዓይኑ ነው የሚሰማው የኔ ልጅ። ቆንጆ ልጅ ቤዝ ስትይዝ ካዩ፣ ቤዝ ይሰማሉ። አምፑን መድረክ ላይ እናደርገዋለን፣ ለጌጥ። ትቆሚያለሽ አላልኩሽም?"

አዎ። "ትቆሚያለሽ" ነው ያለኝ። ትጫወቻለሽ አላለኝም። እኔ ነኝ የሰማሁት።

ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እጁ ወዲያው አልተነሳም። ዶሮ ሻጩ በዚያው ቅጽበት አንዷን እያረደ ነበር፤ ጩኸቷ በግድግዳው በኩል መጣ። ከእጁ ሥር ሸሸሁ፤ ዶሮዋን ፈርቼ አልነበረም።

ኻሚስ? ኻሚስ የድራሙን ቡሎን ያጠብቅ ነበር። ጠብቆ ያለቀ ቡሎን። ከመላኩ ይልቅ እሱ አስጠላኝ።

ዓርብ

ጓደኛዬ ራሄል ከሀብታሞቹ ሰፈር፣ ከካፉሪ መጣች፤ እረፍቷ ነው። እሷ ቪላ ውስጥ ነው የምትሠራው፣ ዓርብ ዓርብ እኔ ጋ ትውላለች። ሁሉንም ነገርኳት። እግሯን ዘርግታ ሰማችኝና፣

"ያዢና ቁሚያ" አለች። "ምን ይጎልብሻል? እኔ ማዳሜ ፊት ሳምንቱን ሙሉ እስቃለሁ። ገመድ አለው እንዴ የእኔ ሳቅ?"

ሳቅን። በኋላ ግን ሳስበው ሳቃችን ራሱ መረረኝ። ይባስ ብሎ ቀዩን ቀሚስ አውጥቼ በመስታወት ፊት ለካሁት። ያምራል። ማማሩ አበሸቀኝ። ለጥቂት ጊዜ ግን እውነት ለመናገር፣ እንደዚያ ቆሜ ብታይስ ብዬ አስቤያለሁ። አውልቄ ከቁምሳጥኑ ሥር በእግሬ ገፋሁት።

ኻሚስ ደወለ። ሁለቴ ዘጋሁበት፤ በሦስተኛው አነሳሁ።

"ተቆጣህ?"

"አዎ።"

አማርኛውን ትቶ በዓረብኛ ተናገረ፤ ለዚህ ነገር አማርኛው አልበቃውም መሰለኝ። የእሱም ድራም ከስፒከሩ ከወጣ ዓመት አልፎታል። ማይኮቹ ፊቱ ቆመዋል፣ ገመዳቸው ግን ወደየትም አይሄድም። ሰዎቹ የሚሰሙት ማሽኑን ነው፤ እሱ በማሽኑ ላይ ይመታል፤ መድረኩ አጠገብ የቆመ ሰው ብቻ ይሰማዋል። "ማሽኑን እንዳልቀድመው ብቻ ነው የምጠነቀቀው" አለኝ። "እኔ፣ ድራመሩ፣ ማሽን ስከተል ነው የምውለው።"

ሐሙስ ዕለት ያጠበቀው ቡሎን ትዝ አለኝ። "ማለሽ" አልኩት። የሱዳን "አይዞህ"፤ ለሁሉም ይሆናል፣ ለምንም አይበቃም።

ቅዳሜ

የሃናን ጸጉር ስሠራ ዋልኩ። አልነግራትም ብዬ ነበር የገባሁት፤ በሰርጓ ዋዜማ ሰው ይረበሻል? ግን እሷ ዓይኗን ጨፍና "ነገ ሆዴን ትመቺኛለሽ" አለችና አላስቻለኝም። ነገርኳት።

ዓይኗን ገለጠች። ስልኳን አነሳች። "አሁን እደውልለታለሁ! ሌባ!"

እጇን ያዝኩ። ነገ ሰርግ ነው፣ ዛሬ ሌላ ባንድ ከየት ይመጣል? ለመንኳት። አስቀመጠችው።

"እሺ" አለች። "ግን ገመዱን ይዘሽ ነይ። እኔ መሀል ላይ ቀና ብዬ ሳይሽ፣ ኪዳ፣ እንዲህ አድርገሽ ትሰኪዋለሽ። ሰርጉ የመላኩ ነው የእኔ?"

"ያንቺ ነው።"

"ኻላስ።"

ገመዱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሰክቼው ብወድቅስ? ያኔ እኮ የማሽኑ ይሻል ነበር ይላሉ፤ ልክም ይሆናሉ።

እሑድ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ቀዩን ቀሚስ አልለበስኩም። ጥቁር ሱሪ አደረግኩ። መላኩ ሲያየኝ አፉን አጣመመ፤ ሙሽሮቹ እየገቡ ስለነበር ምንም ሳይል ቀረ። ማሽኑን ነካ። ቤዙ ከስፒከሩ ወጣ፤ ንጹሕ፣ አንድም ጊዜ የማይወድቅ። እኔ ክሮቹን እየነካካሁ ተወዛወዝኩ። እንዴት ያለ አስጸያፊ ነገር ነው፣ ጣቶችህ የማይሰማ ነገር ሲሠሩ! እንደ ሞተ ሰው እጅ።

የባሰው ገና ነበር። የሙሽራው አጎት መድረክ ላይ ወጣ፣ ብር በምላሱ አርሶ ግንባሬ ላይ ለጠፈ። "አንጀቴን ነው ያራስሽው!" ብሎ ጮኸ። ምራቁ ግንባሬ ላይ ነበር። መላኩ በኪቦርዱ በኩል ጠቀሰኝ፤ አላልኩሽም ዓይነት።

ብሩን አንስቼ ድራሙ ላይ አስቀመጥኩት። ሃናን ፈለግኳት። ሃና በዘመዶቿ መሀል እየተሽከረከረች ነው፤ አንዷ ትስማታለች፣ አንዷ ቬሏን ታስተካክላለች። ዘፈን አለቀ፣ ሌላ ተጀመረ፣ አላየችኝም። የሱዳኑ ዘፈን ተጀመረ። አሁንም አላየችኝም። ረስታኛለች። ሙሽራ ናት፣ ለምን አትረሳ።

ታዲያ ራሴ ጎንበስ አልኩ። ገመዱን አወጣሁ፣ ጊታሩ ላይ፣ ከዚያ አምፑ ላይ ሰካሁ። አምፑን አበራሁ።

የመጀመሪያው ድምፅ አሰቃቂ ነበር። የእኔና የማሽኑ ቤዝ ተጋጩ፤ ሰው ሁሉ ዞረ። መላኩ በጥርሱ መሀል "ንቀዪው!" አለኝ። በድንጋጤ አንደኛዋ ላይ ወደቅኩ፣ ደጋግሜ። ላቆም ነበር።

ኻሚስ መምታቱን አቆመ። ዱላዎቹን አናቱ ላይ ከፍ አድርጎ አጋጨ፣ ከማሽኑ ቀስ ባለ ፍጥነት፣ በራሱ ፍጥነት። ከዚያ በኃይል ጀመረ። ያለ ማይክ፣ አዳራሹን በሚሞላ ጉልበት። ሁለት ዘፈን በአንድ ጊዜ ሆነ። ቢቀጥል የሚያሳፍረው መላኩን ብቻ ነበር፤ ያ ደግሞ ገባው። ማሽኑን ዘጋ።

ባዶ ሆነ። ድራሙ፣ እና እኔ።

እግሬን ረገጥኩ። ሁለት። እጄ ሦስት። አንደኛዋን ለኻሚስ ተውኩለት። መጣ። አላማረም፣ ሁለት ቦታ ሸርተት ብያለሁ፤ ግን ወለሉ ሲንቀጠቀጥ በጫማዬ ሥር ተሰማኝ። መጀመሪያ ሰዎቹ ግራ ተጋብተው ቆሙ። አንዳንዶቹ ተቀመጡ። ቀስ በቀስ የሙሽራው ሱዳናውያን ጓደኞች እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ጣታቸውን ማጮህ ጀመሩ። ሃና ጀርባዋን ሰጥታኝ መሀላቸው ገባች። አልዞረችም። ግራ እጇ ግን ሆዷ ላይ ነበር።

ሲያልቅ መላኩ በማይኩ ምስጋና አቀረበ፣ በፈገግታ። ከመድረኩ ጀርባ "ካሁን በኋላ ዓይንሽን እንዳላይ" አለኝ። እያላመጠ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በፊቱ "አንተ" አልኩት፤ የቀረውን እዚህ አልጽፈውም።

ሰኞ

ጣቶቼ አብጠው ማበጠሪያ አልይዝ አሉ። አሠሪዬ ወለል ጥረጊ አለችኝ። የሰው ጸጉር ከሪላክሰር ጋር ተለጣጥፎ መጥረጊያው ላይ ይጠቀለላል፤ በእጄ እየነቀልኩ ጠረግኩ። መላኩ ለሁሉም ደውሎ "አንዲት ልጅ ሰርግ አበላሸችብኝ" እያለ ነው አሉ። እንግዲህ ከአበሻ ባንድ ማንም አይጠራኝም። ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላለኝም። ባዶ ነኝ። ሃናም አልደወለችም።

ወደ እኩለ ቀን ኻሚስ የጸጉር ቤቱ በር ላይ ቆሞ አየሁት። ሴቶች ስላሉ አልገባም፤ እኔ ወጣሁ። እሱም ከመላኩ ወጥቷል። ማዮ ውስጥ የሚያውቃቸው የደቡብ ሱዳን ልጆች አሉ፤ አንድ ጊታር፣ ሁለት ድምፃውያን። ማሽን የላቸውም። ቤዝም የላቸውም። ጥሩ ስለመሆናቸው እርግጠኛ አይደለም፤ "አንዱ ድምፃዊ እንደ አህያ ነው" አለኝ።

"ዓርብ ትመጣለህ?"

"ኢንሻላህ" አልኩት።

እሱም "ኢንሻላህ" ብሎ ሄደ፤ ካርቱም ውስጥ ይህ ቃል ከሰው አፍ ሲወጣ ብዙ ጊዜ "አልመጣም" ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። መጥረጊያውን ልይዝ ስመለስ አስጠላኝ፤ ራሴን ማለቴ ነው። በሩ ላይ ትቼው ሮጥኩ። ራክሻ፣ የካርቱሙን ባጃጅ፣ ሊሳፈር ሲል ደረስኩበት።

"እመጣለሁ" አልኩት።