የአረጋውያንን ጠብ አትናቁ ይሉ የነበሩት የእናታችን የሕይወት ታሪክ

እናታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከሆስፒታል ልብስ አጣቢ እናታቸው፣ ከገበያው ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። የስድስት ልጆች በኩር ስለነበሩ ፊደል ሳይቆጥሩ ማስታረቅን ተማሩ። በነርስነት ተመርቀው ሥራ እንደጀመሩ ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው አባታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፈሩ። ነፍሳቸውን ይማርና አባታችን፣ «ቤታችን ጠብ የሌለበት አዛዡ አንድ ብቻ ስለሆነ ነው» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

የእናታችን ሕይወት የተለወጠው በአረጋውያን መኖሪያ የነበሩት እናታቸው፣ አያታችን፣ ክንዳቸው የተሰበረ ዕለት ነው። የገፈተሯቸው በምግብ አዳራሹ አጠገባቸው የሚቀመጡ አረጋዊት ነበሩ። ሠራተኞቹ «የአሮጊት ጠብ ነው፤ ነገ ይረሱታል» ብለው ሳቁ። አያታችን ዝምተኛ ስለነበሩም እሳቸውኑ አንስተው ጥግ አስቀመጧቸው።

ከዚያ ወዲህ እናታችን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአረጋውያን ተንከባካቢዎችን አሠለጠኑ። ስድብን፣ ዕቃ መንጠቅን፣ የሰው ክፍል ሰብሮ መግባትን እንደ ቀልድ እንዳያልፉ፣ ከጠቡ በፊት ጫጫታ ወይም ሕመም እንደነበር እንዲያጣሩ አስተማሩ። «ዝምተኛዋን ከቦታዋ ማንሳት ይቀላችኋል፤ እሷን ግን አታንሱ» ይሏቸው ነበር።

ከአራት ዓመት በፊት የመርሳት ሕመም ያዛቸውና እሳቸውም መኖሪያው ገቡ። ቀጥሎ ያለውን ባናነበው ደስ ባለን፤ እናታችን ግን ሽፍንፍን አይወዱም ነበር። አምና ወደ ጎን ክፍል ገብተው ጎረቤታቸውን ገፈተሩና የጎረቤቲቱን ዳሌ ሰበሩ። እኛ ልጆቻቸው ጎረቤቲቱ ክፍል እንዲቀይሩ ለመንን። የፎቁ ኃላፊ የእናታችን ተማሪ ናት። እንባዋ እየመጣ «እሳቸው እንዲህ አላስተማሩኝም» አለችና እናታችንን ወደ ሌላ ፎቅ አዛወረች፤ ከጎናቸው የማትለይ ሠራተኛም መደበች። ትክክል ነበረች። ቢሆንም እናታችን የድሮ ክፍላቸውን በር እየፈለጉ ሲያለቅሱ ማየታችን እስካሁን ያንገበግበናል።

እናታችን ባደረባቸው የሳንባ ምች ባለፈው ሐሙስ ማለዳ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ። ሦስት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆች ትተው አልፈዋል።

ጎረቤታቸው ዛሬ በምርኩዝ መጥተው መካከላችን ተቀምጠዋል። እማማ፣ እናታችን ያደረጉትን ሳያውቁት ሄደዋልና ይቅርታውን የምንለምንዎ እኛ ነን፤ መልስ ለመስጠት ግን አይቸኩሉ። ፈጣሪ ለእናታችን ነፍስ ዕረፍትን፣ ለእርስዎም በር በተንኳኳ ቁጥር የማይደነግጡበትን ዕድሜ ይስጥልን።