የክፍልሽ ዋጋ

ለምትናፈቂው እህቴ ለማኒቮን፦

ከራስ ፀጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ እንደምን ሰንብተሻል? ባንኮክስ እንዴት ይዞሻል? ወገብሽ ከስፌት መኪናው ጋር ታረቀ ወይስ አሁንም እንደተኳረፉ ናቸው? እኛ ደህና ነን። እማ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ አልታዘዝ ይላታል። አባባም ደህና ነው፤ መረቡ ከዓሣ ይልቅ ላስቲክ ይይዝለታል። እኔ ትምህርት ቤት ከተውኩ ወዲህ ይበልጥ አዋቂ ሆኛለሁ፤ ሳቂ እንጂ፣ ግድ የለም።

ወሬው ስለ ክፍልሽ ነው። እንደምታውቂው ለፈረንጆች እናከራየዋለን። አንድ ሌሊት ያደረም ሳምንት የከረመም ለሌሊቱ መቶ ሺህ ኪፕ ነበር የሚከፍለው፣ እኩል። አንድ ሌሊት የሚያድረው ግን ጣጣው ብዙ ነው። አንሶላ ይታጠብለታል፣ የመንደሩ ሹም ዘንድ ይመዘገባል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እማ ለቤቱ ውቃቢ ሳትናገርለት ጎኑን አያሳርፍም። አበባውን፣ ሰሙንና ጭብጥ ሩዙን ይዛ ምሰሶው ሥር ትንበረከክና ማን እንደመጣ፣ ስንት ሌሊት እንደሚያድር ትናገራለች። በማግስቱ ሌላ ፈረንጅ፣ ሌላ መንበርከክ።

ለጉልበቷ አዝኜ አንድ ቀን እኔው ተንበረከክሁና «በዚህ ወር ለሚመጡት ሁሉ» ብዬ በአንዴ ገላገልኳት። ለካስ ከኋላዬ ቆማ ትሰማኛለች! «አንተ ቀልማዳ፣ ውቃቢ እንደ ስልክ በጥቅል ይሞላል?» እያለች በማማሰያ እስከ ወንዙ አባረረችኝ።

ያኔ ነው ነገሩ የበራልኝ። «እማ፣ አንድ ሌሊት ለሚያድረው እናስወድድበት፤ ለሚከርመው እንቀንስለት» አልኳት።

«እንግዳ ሽንኩርት ነው እንዴ፣ በብዛት ሲሆን የሚረክሰው?»

«አንዴ ተንበርክከሽ ወር ሙሉ ታርፊያለሻ!» ስላት ጉልበቷን ስታሽ አየኋትና ማሸነፌን አወቅሁ። አባባ ብቻ «ይሄ ልጅ ፈረንጅ በኪሎ ሊሸጥ ነው» እያለ ሲስቅብኝ ዋለ።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ለመንደራችን ትምህርት ቤት የተመደበች ዳላ የምትባል መምህርት ከቪየንቲያን መጣች። ዓመት ሙሉ ልከራይ አለች። ዋጋውን በግማሽ ጣልኩላት፤ ደስ ብሏት ሻንጣዋን አስገባች። እማም ተንበረከከች። ስሟን ተናገረች። ስንት ሌሊት የሚለው ላይ ስትደርስ ግን ሰሙን ደጋግማ ታቃና ጀመር።

«ዓመት በያ» ብዬ አንሾካሾክሁ።

«ዝም በል አንተ!» አለችኝ ሳትዞር። ከዚያ «ማኒቮን እስክትመጣ» አለችና ምሰሶውን ተደግፋ ተነሳች።

መምህርቷ ግራ ገብቷት «ማኒቮን መቼ ነው የምትመጣው?» ብላ ጠየቀች። አባባ መረቡን አንስቶ ወጣ።

እንግዲህ ለውቃቢው የተነገረ ቃል አይሻርም። በአዲስ ዓመት፣ በኤፕሪል ውሃ ስንራጭ፣ ከመጣሽ መምህርቷ የሁለት ወር እንግዳ ብቻ ናት፤ ዋጋዋ ከፍ ይላል፣ ሌላ ቤትም ትፈልጋለች። ካልመጣሽ የዓመቱ ዋጋ ይጸናላታል። መምህርቷ በየጠዋቱ «እህትህ ጻፈች?» ትለኛለች። እማ አትጠይቅም። ያንቺን ብርድ ልብስ ግን አጥፋ አስቀምጣ ለመምህርቷ የራሷን አውጥታ ሰጠቻት።

አሠሪሽ ፈቃድ እንደማይወድ አውቃለሁ። ቢሆንም እንደ አምናው «እስቲ አያለሁ» አትበይን፤ እመጣለሁ ወይም አልመጣም በይን። «እስቲ አያለሁ» ተብሎ ቤት አይከራይም፣ እማም ሌሊት እንቅልፍ አይወስዳትም። መምህርቷ ደግ ሴት ናት፤ የሂሳብ ስህተቴን እንኳ ሳትቆጣ ታርምልኛለች። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ በውዱ ዋጋ እንድትከፍል ነው የምፈልገው።

እማ ሁለቱን ጉንጮችሽን ስማለች። አባባ «ትብላ በላት» ብሏል። መምህርት ዳላም ሳታውቅሽ ሰላም ብላሻለች። አብረውሽ ለሚኖሩት ሴቶች ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ፤ ያላገባች ካለችም መልክ እንዳለኝ አትደብቂያት።

የማያርፈው ወንድምሽ ፔትሳይ
ኖንግ ኪያው፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2019