ጠርዙን ሳያለብሱ አይበይዱት

ለውድ ወንድሜ፣ ለጋሼ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? ያ ግራ ዓይንዎ ማልቀሱን ተወ ወይ? የእማዬ ጉልበት እንዴት ሰነበተ? ባለቤትዎ እትዬስ፣ ልጆቹስ? ጣራውስ ዝናቡን ቻለው? እኔ ከናፍቆታችሁና ከንዴት በቀር ደህና ነኝ። ናፍቆቱን እችለዋለሁ። ንዴቱን ግን ያመጡብኝ እርስዎ ስለሆኑ ለእርስዎው መልሼ ልኬዋለሁ፤ ቁጭ ብለው ያንብቡልኝ።

በስልክ ልነግርዎ ስንት ጊዜ ሞከርኩ። የሰፈሩን ወሬ ስናወራ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጥርት ብሎ የሚሰማው መስመር፣ ስለ ዘይት መጭመቂያው ማሽን ሳነሳ ይቆረጣል። ድምፅሽ ጠፋ ይሉኝና ይዘጉታል። ደብዳቤ ግን ጆሮዬ ላይ አይዘጋም።

እርስዎ ትንሽ ጫር አደረገው ብለው ያለፉትን እትዬ ዘርዝራ ነግራኛለች። የመጭመቂያው ትልቁ መዘውር የተቀመጠበት እግር በዚህ ዓመት ብቻ ሦስት ጊዜ ተሰነጠቀ፤ ሦስቴም እርስዎ በየዱት። በመጨረሻው ጊዜ ማሽኑ እየሠራ ሳለ ጡጫ የሚያህል ብረት ተገንጥሎ፣ እማዬ የሚጨመቀውን ፍሬ እየለቀመች የምትቀመጥባትን በርጩማ ሰባብሮ ግድግዳውን መታ። እማዬ ያን ጊዜ ውሃ ልትጠጣ ተነስታ ነበር። ባትነሳስ ኖሮ? እርስዎ ግን በርጩማዋ ድሮም አንድ እግሯ አጭር ነበር ብለው ሳቁ አሉ። እኔ አልሳቅኩም። የያዝኩትን ሥራ አስቀመጥኩ።

ይባስ ብለው ጠንካራ የብየዳ ዘንግ፣ ኤሌክትሮድ ላኪልኝ ይሉኛል። ጋሼ፣ ኧረ በፈጠረዎት! ችግሩ የኤሌክትሮዱ ጥንካሬ አይደለም። ስንጥቁን ልብ ብለው አይተውታል? ብየዳው ራሱ አንድም ቀን አልተሰነጠቀም። የሚሰነጠቀው ከብየዳው ጎን ትንሽ ፈቀቅ ብሎ፣ እግሩ ላይ ነው። እግሩ ጊዛ ነው፤ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የተፈሰሰ ተሰባሪ ብረት። እግሩን የሚደግፉበት ላሜራ ደግሞ ተራ ብረት። ጊዛ በአንዴ ግሎ በአንዴ ሲበርድ ጠርዙ እንደ ብርጭቆ ይደርቃል። ብየዳው ሲበርድ ይሰበሰባል፣ ላሜራው አልለቅም ይላል፣ ጉተታው ሁሉ ያ የደረቀው ጠርዝ ላይ ያርፋል። ታዲያ ምን ያድርግ? ኤሌክትሮዱ በጠነከረ ቁጥር የባሰ ይጎትተዋል።

እኛ እዚህ ብየዳ ክፍላችን ውስጥ ሁለቱን ከማጋጠማችን በፊት የጊዛውን ጠርዝ ለብቻው እናለብሰዋለን። ኒኬል ባለው ለስላሳ ኤሌክትሮድ፣ አጫጭር መስመር እየደረደርን፣ ፊቱ በሙሉ እስኪሸፈን። የኮት ገበር ይበሉት፤ ሻካራው ሱፍ ገላ እንዳይነካ። እሳቱ ጊዛውን የሚያስጨንቀው ገና ምንም ሳይጋጠም፣ የሚጎትተው በሌለበት ሰዓት ነው። ላሜራው በኋላ የሚበየደው ገበሩ ላይ ነው፤ ጉተታ ሲመጣም ገበሩ ትንሽ እየተለጠጠ ይችልለታል። ይኸው ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም።

ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። የብየዳው ጭምብል ሰፍቶኝ አፍንጫዬ ላይ እየወረደ፣ እጄን ይዘው ያስጀመሩኝ እርስዎ ነዎት። ሴት ልጅ ከብረት ጋር ምን አላት ያሉትን ሁሉ አፍ ያስያዙልኝም እርስዎ ነዎት። እዚህ በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት የተሰነጠቀ የፓምፕ አካል ሲሰጡኝ፣ ልክ እርስዎ እንዳሳዩኝ ገጥሜ በየድኩታ። ገና ሳይበርድ ቋ አለ። የክፍሉ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። መነጽሩ የምንለው አለቃችን ስንጥቁን በጥፍሩ እየዳሰሰ፣ ማን ነው እንዲህ ያስተማረሽ አለኝ። ማንም፣ ራሴ ነኝ የለመድኩት አልኩት። ስምዎ እንዳይነሳ ብዬ ነው። ግን አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማሩኝን ሰው በአንድ ቃል ካድኩ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከዚያ ለአንድ ወር መጥረጊያ አስያዙኝ። ጠርዝ ማልበስን የተማርኩት እየጠረግኩ፣ በሰው ትከሻ ላይ አሻግሬ እያየሁ ነው።

ስለዚህ እልህዎን ለአንድ ቀን ያስቀምጡልኝ። ኤሌክትሮዶቹን ወደ እናንተ በሚመጣ ሾፌር ልኬያለሁ፤ ለጎረቤት በር እንዳያባክኗቸው። እግሩ ስንት ዓመት ዘይት የጠጣ ስለሆነ መጀመሪያ አሙቀው ዘይቱን ያስወጡ። ስንጥቁን በግራይንደር እስከ ሥሩ ይክፈቱት። ከዚያ ጠርዙን ያልብሱት፤ አንድ መስመር ባሰመሩ ቁጥር ትኩሱን በመዶሻ ቀስ አድርገው ይቀጥቅጡት፤ በእጅዎ መንካት እስኪችሉ ይጠብቁና ወደሚቀጥለው ይለፉ። አዎ፣ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። እንዲቀዘቅዝ ብለው ውሃ እንዳያፈሱበት፤ አውቅዎታለሁ።

እማዬን ሁለቱንም ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ጥርሰ ወላቃው ልጅዎ አዲሶቹ በቀሉለት ወይ? ወሬኛዋን እህቱን እንደናፈቅኳት ይበሉልኝ፤ ማለቴ እንደናፈቅኳት ሳይሆን እንደናፈቀችኝ፤ ንዴቱ ብዕሬን እያሳተኝ ነው። ለጎረቤታችን ለአናጺውም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ለእማዬ ሌላ በርጩማ ይሥራላት፣ ከማሽኑ ራቅ ብሎ የሚቀመጥ። እትዬን ከሁሉ በላይ ሰላም ይበሉልኝ። የሞተሩን ቺንጋ፣ መዘውሩን የሚያዞረውን ቀበቶ ፈልገው ካጡት ደግሞ እሷን እንዳይቆጧት። አውልቃ እንድትደብቀው የለመንኳት እኔ ነኝ። የለበሰ ጠርዝ ምን እንደሚመስል ፎቶ ልኬላታለሁ፤ በዓይኗ ሳታየው አትመልስልዎትም።

ይህን ሲያነቡ እንደሚሰድቡኝ አውቃለሁ። ይስደቡኝ። ታናሼ ደፈረችኝ ብለው ዓመት ሙሉ ቢያኮርፉኝም እችለዋለሁ። የማልችለው የሚያኮርፈኝ ወንድም ማጣትን ነው።

ታናሽ እህትዎ
ከብየዳ ክፍሉ፣ ረቡዕ፣ በምሳ እረፍት