ዘይት የማትጠጣው ማሽን

ሰኞ፣ ኤፕሪል 3

...የአሳማው ጭንቅላት ግን ለምን ይስቃል? አርብ ዕለት በአዲሷ ማሽን ምረቃ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እኔን እያየ ሲስቅ ነበር። አለቃችን ታክ ሰገደለት፣ አፉ ውስጥም ብር ሻጠለት። እዚህ አገር አዲስ ማሽን ያለዚህ ሥርዓት አይነሳም። ከዚያ ጋሼ ፕዮ የሩዝ ጠላውን ቀድተው ሊያጠጧት ወደ ማሽኗ ዞሩ። ጮህኩ።

"እሷ ላይ አይደለም ጋሼ! መሬት ላይ!"

መሬት ላይ አፈሰሱት። ተቀይመውኛል። የፍሳሽ ማጣሪያው ሠራተኛ በሙሉ ሳቀ። ለብረት እንዲህ ይጮኻል?

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 4

ዝናብ። ማሽኗ የፍሳሹ ገንዳ ውስጥ አየር ስትነፋ ዋለች፤ አረፋው ጥሩ ነው።

ጋሼ ፕዮ ዕድሜያቸውን ሙሉ የድሮዎቹን አየር ነፊ ማሽኖች ዘይት ሲያጠጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ዛሬ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

"ኩሽኔታዋ የታለ?"

በትርፍ የያዝኩትን ሰጠኋቸው። ቀለበት ነው፤ ውስጡ ቅጠል የምንለው እንደ ወረቀት የሳሳ ብረት፣ ከሥሩ ደግሞ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የተሸበሸበ ሌላ።

"ኳሶቹስ?"

"የሉም።"

"ዘይቱስ?"

"የለም ጋሼ። ማሽኗ ስትቆም ዘንጉ እዚህ ቅጠል ላይ ይተኛል። ስትነሳ ትንሽ ይፋቃል። ከፈጠነ በኋላ ግን አየሩን ራሱ እየጎተተ ከሥሩ ያስገባል። አየሩ መውጫ ሲያጣ ዘንጉን ያነሳዋል። ከዚያ ምንም ሳይነካ ይሽከረከራል። ሽብሽቡ እንደ ፍራሽ ነው፤ ሲወዛወዝ ይቀበለዋል።"

"አየር ላይ?"

"አየር ላይ። አውሮፕላን ውስጥ ቀዝቃዛ አየር የሚያመጣልዎትም እንዲህ ያለው ነው።"

"እኔም አውሮፕላን ባለመሳፈሬ ደግ አደረግኩ።"

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 6

ታክ ጠርቶኝ ነበር። የከተማው አስተዳደር ሰዎች አርብ ሳምንት ሊያዩአት ይመጣሉ። ከወደዷት የድሮዎቹ ነፊዎች ሁሉ በእሷ ዓይነት ይተካሉ።

"ካልወደዷት አንቺና ቆርቆሮሽ አብራችሁ ትሸኛላችሁ።"

ሳቀ። ቀልድ ነው? የድሮዎቹ ከተወገዱስ... ጋሼ ፕዮ ምን ሊያጠጡ ነው? አልጠየቅኩም።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 10

አልነሳ አለች።

አቃሰተች፣ ቆመች። እንደገና ሞከርኩ። ያው ነው። የድሮዎቹን አስነስተን እሷን ፈታኋት። ዘንጉ ከቅጠሉ ጋር ተጣብቋል። ነጭ ቅርፊት... ጣቴን አሸተትኩ።

የኮመጠጠ ሩዝ።

መሳቅ አማረኝ። ጋሼ ፕዮን ከመጋዘኑ ጀርባ አገኘኋቸው። ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ያስራሉ። ጫማቸው ክር የለውም።

"ጋሼ፣ ስንት ኩባያ?"

"አንድ።" የሌለውን ክር ጎተቱ። "አንድ ተኩል። ግማሹ ፈሷል።"

"በየት በኩል?"

"ማቀዝቀዣ አየር በምትስብበት። ቅዳሜ ቆማ ሳለች ክዳኑን ፈትቼ።" ከዚያ ተቆጡ። በእኔ! "ሁሉም ጠጥቶ እሷ ብቻ ጦሟን ትዋል? ቂም ብትይዝስ? እጁን ውስጧ የሚከተው ማነው? አንቺ!"

ለእኔ ብለው ነው። አሁን በዚህ ሰው ላይ እንዴት ይጮኻል?

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 11

አብረን በአልኮል አጠብናት። የተላጡትን ቅጠሎች በትርፎቹ ለወጥኩ። ጋሼ ዘንጉን በእጃቸው ሊያዞሩ ሲሉ እጃቸውን መታሁ።

"ወደዚህ ብቻ! ወደ ኋላ ከዞረ የቅጠሉን ጫፍ ይዞ ያጥፈዋል።"

"ግትር። ባለቤቷን መስላ።"

ታክ መጣ። አሸተተ፣ አሸተተና...

"ምንድነው የሚሸተው?"

"አልኮል" አልኩ። ውሸት ነው እንዴ?

"ለምን እንደቆመች በጽሑፍ እፈልጋለሁ። ወይ ቆርቆሮው ነው፣ ወይ ሰው ነው። ሰው ከሆነ በዚያው ቀን ከዚህ ግቢ ይወጣል።"

ጋሼ ፕዮ በጨርቅ የጸዳውን እንደገና ያጸዱ ነበር።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 13

ቆርቆሮው ነው ብል እሷም እኔም ሄድን። ሰው ነው ብል...

"እርጥበት" ብዬ ጻፍኩ። ጠላ እርጥብ አይደለም? ቀደድኩት።

አርብ፣ ኤፕሪል 14

የከተማው ሰዎች መጡ። አስነሷት፣ አቆሟት፣ ደግሞ አስነሷት። በተነሳች ቁጥር ፋቅ ፋቅ... እኔ እየቆጠርኩ። ከዚያ መፋቁ ይጠፋል። ጋሼ ፕዮ ማንም ሳይጠራቸው መሃል ገቡ። ክራባት አስረዋል! መቼ ገዙት?

"ሰማችሁ? አሁን ለቀቀች። አየር ላይ ናት።"

"ዘይቷን በየስንት ጊዜው ትቀይራላችሁ?" አለ አንዱ።

"የምን ዘይት? የት አገር ነው የምትኖረው?"

ሰዎቹ ሳቁ። ወደዷት። እኔ ግን ጋሼን እያየሁ ነበር። የድሮዎቹ መወገዳቸው ነው... እሳቸው ደግሞ እንደ ሚዜ ይቁነጠነጣሉ።

እንግዶቹ እንደወጡ ታክ ከፎቅ ተጣራ። "ወረቀቱስ?"

ባዶ ወረቀት ይዤ ደረጃውን ጀመርኩ። ጋሼ ፕዮ ቁና ቁና እየተነፈሱ አለፉኝ።

"ጋሼ፣ የተጠራሁት እኔ ነኝ።"

"አንቺ ተመለሺ፤ ጠላውን ያጠጣኋት እኔ ነኝ። ሰዎቹ እንዳበሯት ትተዋት ሄደዋል።"

"ጋሼ!"

ክራባታቸውን ጠበቅ አደረጉ። ሳያንኳኩ ገቡ።

"እርስዎን ደግሞ ማን ጠራዎት?" ሲል ታክን ሰማሁት።

በሩ ተዘጋ።