ከአዲሱ ሃርድ ዲስክ ስለሚፈርመው ባለቤቴ

ሰኔ 12 ቀን 2009 ዓ.ም.
እንጅባራ

እጅግ ለተከበሩት፣ ስሙን በአደባባይ ልጠራው ለማልደፍረው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

በዚህ ብርድና ጭጋግ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? እኔ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዎ የነበረው የአቶ አየነው ባለቤት ልክየለሽ፣ እንዳለሁ አለሁ። ባለቤቴ በኅዳር ወር መሞቱን ያስታውሱ ይሆናል፤ ለቅሶ መጥተው ንፍሮ ቀምሰዋልና።

ቅሬታዬን ከማቅረቤ በፊት ላመሰግንዎ ይገባል። አየነው አሥራ አንድ ዓመት የሠራበት ኮምፒውተር ተከፍቶ እስኪያበቃ ባለጉዳይ ጥርባ ሐይቅ ደርሶ ይመለስ ነበር። ከሞተ በኋላ ተዘግቶ የቆየውን ይህን ኮምፒውተር በመጋቢት አስከፍተው፣ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በአዲሱ ዓይነት፣ ኤስኤስዲ በሚሉት ስላስለወጡት፣ አሁን ወንበር ሳይሳብ ይከፈታል አሉ። ባለቤቴ በሕይወቱ ሲለምንዎት የኖረውን በሞቱ ስለፈጸሙለት እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

1ኛ. ባለሙያው አቶ ሽመክት ራሱ እንደነገረኝ፣ ዊንዶውሱን በአዲሱ ዲስክ ላይ ከባዶ ልጫነው ብሎ ቢለምንዎ፣ የደብዳቤው ፎርም እንዳይጠፋ ሰግተው ምንም ሳይነካ እንዳለ ይገልበጥ ብለው አዘዙት። እንዳለ ተገለበጠ። በፎርሙ ግርጌ የተቀመጠው የአየነው ስምና በስካነር የገባው ፊርማውም አብረው ተሻገሩ።

2ኛ. የሞተ ተጎዳ ይባላል፤ በእርስዎ ቢሮ ግን የሞተ ይሠራል። ከመጋቢት ጀምሮ ከዚያ ክፍል የሚወጣውን ደብዳቤ ሁሉ የሚፈርመው እሱ ነው። ከጥሊሊ የመጣች አንዲት ሴት ገበያ መሐል በዋዜማው የተጻፈላትን ወረቀት ብትዘረጋልኝ፣ ያን የማውቀውን የፊርማውን ጭራ አይቼ ወረቀቱን አጥፌ መለስሁላት። ፈርቻለሁ፣ ክቡርነትዎ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ባየሁ ቁጥር ማንበብ የምጀምረው ከግርጌው ነው።

3ኛ. ቤታችን በእኔና በልጆቼ ስም እንዲዛወር ለቢሮዎ ላቀረብሁት ማመልከቻ በግንቦት መልስ ደረሰኝ፤ ባለይዞታው ስለመሞታቸው በመዝገባችን የሰፈረ ነገር ባለመኖሩ ጥያቄዎን አልተቀበልነውም ይላል። ከሥር የፈረመው አየነው ነው። አለመሞቱን በደብዳቤ ያሳወቀኝን ሰው መቃብሩ ድረስ ሄጄ ልጠይቀው ብነሣም፣ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፍቶኝ ተመለስሁ። ታናሿ ልጄ ደብዳቤውን አንብባ አባቷ ቢሮ እንዳለ አምናለች። በቢሮዎ በር ይዣት ማለፍ ትቻለሁ።

ስለዚህ ሟቹን ከሥራ አሰናብተው፣ የቤቴን ጉዳይ በሕይወት ያለ ሰው እንዲያይልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ለጽሕፈት ቤትዎ መቃብር የማይበግረውን ትጋት እየተመኘሁ፣
በገዛ እጄ የፈረምሁ፣ እስካሁን በሕይወት ያለሁ፣
ወ/ሮ ልክየለሽ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፊርማው ከኮምፒውተሩ የሚጠፋበትን ቀን እባክዎ አስቀድመው ያሳውቁኝ። ባለፈው፣ አየነው ከጠረጴዛው ሥር ወድቆ የሞተ ዕለት፣ ከቢሮዎ የደወለልኝ ሰው አልነበረም፤ የሰማሁት ከባጃጅ ሹፌር ነው።