ለወይዘሮ ጽቢንደን፣ ስለ ሉካ ሐሙስና ስለ አንዲት አረንጓዴ ክር

ይድረስ ለክብርት ወይዘሮ ፍሬኒ ጽቢንደን፣
የአንደኛ ፎቅ ነባር ነዋሪ፣ የምድር ቤቱ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ቁልፍ ያዥ፣ የደረጃው ጸጥታና የጫማ አደራደር የበላይ ጠባቂ፤
በርን።

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ከደረጃው ጋር ታርቋል? ሁለት ፎቅ ርቆ የወደቀ መርፌ ሰምቶ የማን መርፌ እንደሆነ የሚለየው፣ ስልክ ሲያዝ ብቻ በድንገት የሚደክመው ጆሮዎስ? እኛ፣ ማለትም ከራስዎ በላይ የምንኖረው እኔና ባለቤቴ ርብቃ፣ ከእርስዎ የማያቋርጥ ክትትል የተነሣ ደህና ሳንሆን መዋል ስለማንችል፣ ደህና ነን።

ደብዳቤዬን ለሕዝብ ግልጽ ማድረጌ እንዳያስቀይምዎ እለምናለሁ። እርስዎ ባለፉት ወራት ለእኔ የጻፉልኝን ሁሉ ቤተኛውም ፖስተኛውም እንዲያነበው ማጠቢያ ማሽኑ ላይ ሲለጥፉልኝ ስለኖሩ፣ መልሱን በፖስታ አሽጌ ብልክልዎ ብድር መላሽነቴ ይጎድላል ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። እኔና ርብቃ ከወንዙ ማዶ ባለ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ከኖርን በኋላ፣ ባለቤቱ ቧንቧውን፣ ግድግዳውንና ኪራዩን አንድ ላይ ለማደስ ስለወሰነ፣ ሁላችንንም በትሕትና በተጻፈ ደብዳቤ አስወጣን። ከዚያ ወዲህ ኑሯችን በጊዜያዊ ቤት ሆነ። በዚህ ከተማ ጊዜያዊ ቤት መፈለግ ማለት የማያውቁት ሰው መንገድ እንዲቀናው፣ ቀንቶትም ቶሎ እንዳይመለስ መጸለይ ነው። የመጀመሪያ አከራዮቻችን ዓለምን በጀልባ ሊዞሩ የወጡ ባልና ሚስት ነበሩ። የባልየው ሆድ ባሕሩን ስላልወደደው፣ የትኛው ማብሪያ የትኛውን አምፖል እንደሚያበራ ገና እንደለየን መጡ። ሁለተኛዋ ፍቅር ይዟት ቪየና የሄደች ቫዮሊን ተጫዋች ስትሆን፣ ፍቅሩ እንደ ባሕሩ ሆነና እሷም መጣች። ያን ቀን ርብቃ ሻንጣው ላይ ቁጭ ብላ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እነሱ እስኪጋቡ ልብስ አላወጣም ብዬህ አልነበር?» አለችኝ። ሦስተኛው እርስዎ በሚገባ የሚያውቁት ሉካ ነው። በረዶ የሚያጠና ልጅ ነው፤ ግሪንላንድ ሊከርም ሄዶ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ቤቱን ለቀቀልን። በረዶ እንደ ፍቅር ቶሎ ስለማይቀልጥ ተመስገን አልን። ርብቃ ግን በማርች አጋማሽ ልትወልድ ነው። እንግዲህ የፍለጋችን ጉዳይ ይኸው ብቻ ነበር፦ ልጃችንን ከሆስፒታል ታቅፈን የምንገባበት በር።

አሁን በእርስዎ ፈቃድ ወደ አቤቱታዬ ልግባ።

፩ኛ፤ ስለ ሉካ ሐሙስ። በዚህ ሕንፃ እያንዳንዱ ቤት በየሁለት ሳምንቱ አንድ የማጠቢያ ቀን እንዳለው፣ የእርስዎ ቀን ማክሰኞ፣ የሉካም ሐሙስ እንደሆነ፣ ቁልፉም ከእርስዎ እንደሚወሰድ በደረስን ዕለት ሰምተን ደስ ብሎን ነበር። ቁልፍ ያዥነቱ በየዓመቱ ኤፕሪል ሲገባ ከቤት ወደ ቤት እንደሚዞር፣ ነገር ግን ተራው የደረሰው ሁሉ «እርስዎ ይሻላሉ» እያለ ስለሚሸሽ ለዘጠኝ ዓመት ከእርስዎ ንቅንቅ እንዳላለም ያን ጊዜ ሰማሁ፤ አልገረመኝም። ያስገረመኝ በመጀመሪያው ሐሙስ ቅርጫቴን ታቅፌ በርዎን ሳንኳኳ የሰጡኝ ውሳኔ ነው። «ሐሙስ የሉካ ነው» አሉኝ። ሉካ ግሪንላንድ እንደሆነ፣ እኔም በሉካ ቤት፣ በሉካ አልጋ፣ በሉካ ድስት እንደምኖር ባስረዳዎም፣ «አልጋውን ሰጥቶህ ይሆናል፤ ሐሙሱን መስጠቱን ግን አልነገረኝም። ደግሞስ ጊዜያዊ ሰው ምን ያህል ያቆሽሻል? ለጊዜው ነው!» ብለው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉ። በዚህም ምክንያት ማሽኑ በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ፣ ዋልታ ላይ ላለ አንድ ወጣት ክብር ሲባል፣ ጸጥ ብሎ ሲውል፣ እኔ የሚስቴን ቀሚሶች በትራም ጭኜ ከተማውን እያቋረጥኩ ወዳጅ ቤት አጥቤአለሁ። ፈቃዱ ከበረዶው መሐል በጽሑፍ እስኪመጣልዎ ድረስ መጽናትዎን ሳስብ፣ አገር እንደ እርስዎ ባሉ ሰዎች ይቆማል እላለሁ። ከአገሩ ጋር እኔንም ትራም ጣቢያ አቁመውኛል።

፪ኛ፤ ስለ ክሯ። ፈቃዱ መጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ባጠብን ማግስት፣ ከላዩ ፈገግ ያለች ፀሐይ የተሳለችበት፣ እንዲህ የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ «ውድ ጎረቤቶች! በልብስ ማድረቂያ ማሽኑ ማጣሪያ ውስጥ አንድ ክር ተገኝቷል። ቀለሙ አረንጓዴ ነው። የማንም ይሁን የማን፣ ባለቤቱ ራሱን ያውቃል።» በሕንፃው ውስጥ አረንጓዴ ሻርፕ የምታደርገው ርብቃ ብቻ መሆኗን በስም አለመጥቀስዎን እንደ ታላቅ ጨዋነት ቆጥረነዋል። ክሯ ራሷ በማስረጃነት በመርፌ ተሰክታ ከጎኑ ለአንድ ወር መሰንበቷ ግን፣ ያዩዋት ጎረቤቶች ሁሉ ደረጃ ላይ ሲያገኙን እንደ ሐዘንተኛ ዝቅ ባለ ድምፅ ሰላም እንዲሉን አድርጓል።

፫ኛ፤ ስለ ካልሲ። ሦስተኛ ፎቅ የነበሩት አቶ ኤበርሶልድ፣ እግራቸው ደረጃውን ስለጠላ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሲዛወሩ፣ ቤታቸው ለቋሚ ኪራይ መውጣቱን ሰምተን እንደ ሌላው ሰው ተሰለፍን። በዚህ ከተማ ቤት ለማየት መሰለፍ ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል፤ ሰልፉ ከሦስተኛ ፎቅ ጀምሮ እስከ ብስክሌት ማቆሚያው ይደርሳል፣ ሁሉም ስለ ራሱ መልካምነት የጻፈውን ይዞ፣ ከፊቱ ያለው ሰው ከእሱ የከፋ እንዲሆን በልቡ እየለመነ በፈገግታ ይቆማል። እኛም አናጨስም፣ ውሻ የለንም፣ ፒያኖ አንነካም ብለን ስንጽፍ ርብቃ፣ «እስቲ የምናደርገውን ነገር አንድ እንኳ ጨምርበት፤ የሞትን መሰልን እኮ» ብላኝ ነበር።

እርስዎ ደግሞ ማንም ሳይጠይቅዎ በርዎ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀመጡና፣ ደረጃው ትናንት ስለተወለወለ ሰልፈኛው ሁሉ ጫማውን እንዲያወልቅ አዘዙ። ሰልፈኛው ሁሉ፣ ሐኪሙም ጠበቃውም፣ ጫማውን በእጁ ይዞ በካልሲ ቆመ። አንድ ክራባት ያሰረ ጎልማሳ የግራ አውራ ጣቱ በካልሲው ቀዳዳ ብቅ ማለቱን ሲያይ፣ እርስዎም ማየትዎን ሲያይ፣ ጫማውን አድርጎ ወረደ። «አንድ ቀነሰ» አሉ፣ ለራስዎ፣ ሁላችንም እንድንሰማ አድርገው። አከራዩ ድርጅት በሠራተኛና በኮምፒዩተር የሚደክምበትን ማጣራት በአውራ ጣት ብቻ ስለፈጸሙ ደመወዝ ሊቆርጥልዎ ይገባል።

፬ኛ፤ ይህ ከሁሉም ይከብደኛል። ርብቃ ያን ቀን የእኔን ሰፊ ካፖርት ደርባ፣ የጽሑፎቹን ማኅደር ከፊቷ ታቅፋ የቆመችው በርዷት አልነበረም። ሕፃን ያላለቀሰበት ቤት ያለ ይመስል፣ ሊወለድ ያለ ልጅ እንዳለን ከታወቀ ከዝርዝሩ ግርጌ እንደምንወርድ ስላወቅን ነው። ሆድና ግንባር አይሸሸግም የሚለውን ብሂል እያወቅን ሞከርን። ከድርጅቱ የተላኩት ወይዘሪት ካመንጺንድ እኛ ዘንድ ሊደርሱ ሁለት ሰው ሲቀር፣ እርስዎ ከታች፣ ለአራተኛ ፎቅም ጭምር፣ «ኧረ ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ! ሴትዮዋ እኮ ልትወልድ ደርሳለች! ወንበር ስጧት!» ብለው ጮኹ። ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየን። ወይዘሪቲቱም ዞረው አዩን፤ ብዕራቸውም የሆነ ነገር ጻፈ። እርስዎ የራስዎን ወንበር ተሸክመው፣ በዚያ ጉልበትዎ እያቃሰቱ፣ አንድ ፎቅ ሙሉ አወጡላት። ርብቃ ተቀምጣ አለቀሰች። ከደግነትዎ የተነሣ ነው ብለው ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት።

ያን ማታ እራት ላይ ስምዎን ያነሣሁበትን ቃል እዚህ አልደግመውም።

፭ኛና የመጨረሻው፣ ስለ ስልኩ። ድርጅቱ ሊያከራየው ያሰበውን ሰው የሚያጣራው አሁን ያለበትን ሕንፃ ጎረቤት ጠይቆ ነው። እኛ የመሥሪያ ቤት አለቃዬን፣ የርብቃን አስተማሪና የአንድ ቄስ ስም ሰጥተን ነበር። ወይዘሪት ካመንጺንድ ግን ሦስቱንም ትተው ለእርስዎ ደወሉ። እርስዎም ስልኩን በረንዳዎ ላይ አነሡ፤ እኛ ከበላይዎ በረንዳ ላይ የሕፃን አልጋ ብሎን እያጠበቅን ነበር። የእርስዎን ድምፅ ላለመስማት መሞከር ተራራ ላለማየት እንደ መሞከር ስለሆነ፣ ይቅር ይበሉን፣ ሁሉንም ሰማን።

«ማን? … ጮክ በይ! … ከላይ ያሉት? እንዴት አላውቃቸውም! … ችግር? ችግርማ አለ እንጂ! ቁጭ ብለሻል? … ማጣሪያ ውስጥ ክር ትተዋል። አረንጓዴ!»

ርብቃ ክንዴን ጨብጣ፣ «አበቃልን፤ ክሯን ነገረቻት» አለች።

«… አይ፣ አንድ። አንድ ክር። … ሌላ? ሌላማ፣ የልብስ መቆንጠጫዎቹን በየቀለማቸው አይለዩም፤ ቀዩን ከሰማያዊ! … ድግስ? የምን ድግስ! ድምፃቸው እንኳ አይሰማም፤ ሞተው ይሆን ብዬ እኔ ራሴ ሁለቴ ሄጄ አንኳኩቻለሁ። … ኪራይ መክፈላቸውን እኔ በምን አውቃለሁ? ሉካን ጠይቂ፣ በረዶ ላይ ነው። … ሕፃኑ? ሕፃንማ ያለቅሳላ! አንቺ ስትወለጂ እየዘፈንሽ ነው የወጣሽው? … እንዴ! ልቅሶውን የምሰማው እኔ ነኝ፤ እኔ ከቻልኩት ይበቃል፤ ሌላውን ማን ጠየቀው?»

ስልኩን ዘጉና አበባዎን ውሃ አጠጡ። እኛ ብሎኑን በእጃችን እንደያዝን ቀረን።

ክብርት ሆይ፣ ወገኖቼ «ሳይደግስ አይጣላም» ይላሉ። በማግሥቱ ወይዘሪት ካመንጺንድ ደውለው እየሳቁ የነገሩኝን ቃል በቃል ላድርስልዎ፦ «ስንት ዘመን ጎረቤት ስጠይቅ ኖሬአለሁ፤ ‹ደጎች ናቸው› ሲሉኝ ውለታ አለባቸው እላለሁ፣ ዝም ሲሉኝ ይፈራሉ እላለሁ። ሴትዮዋ ከዓይኗ የሚያመልጥ ነገር እንደሌለ ከሕንፃው ሁሉ ሰምቻለሁ። አምስት ወር ሙሉ ጠብቃችሁ ያገኘችባችሁ አንዲት ክር ከሆነች፣ ከእናንተ የተሻለ ተከራይ ከየት አመጣለሁ? ለልቅሶውም ቢሆን ከሁሉ በፊት የምትሰማው እሷ ናት፤ እሷ ከፈቀደች ማን ይከለክላል?» ውሉን ፈርመናል። ከማርች አንድ ጀምሮ የአቶ ኤበርሶልድ ቤት ቤታችን ነው።

ስለዚህ ምስጋናዬን ይቀበሉ። አለቃዬ ስለ ትጋቴ፣ ቄሱ ስለ ነፍሴ ሊመሰክሩልኝ ተዘጋጅተው ሳለ፣ ማንም ያልሰማቸውን የእነሱን ውዳሴ በአንድ ክስ ስለተኩልኝ አመሰግናለሁ። ሊያጠፉን የወጡ መስሎኝ እራት ላይ ያልኩትን ቃል፣ ምን እንደሆነ ሳልነግርዎ፣ ሙሉ በሙሉ አንሥቼአለሁ። ሁለቴ መጥተው በራችንን ማንኳኳትዎን እኛ ቧንቧው ነው ብለን አለመክፈታችንንም ይቅር ይበሉን፤ ቧንቧው እንደ እርስዎ ሞተን እንደሆነ አይጨነቅልንም ነበር። ወንበርዎን ርብቃ ወልውላ በርዎ ላይ አስቀምጣለች፤ እግሮቹ ሥር ደረጃው እንዳይጫር ጨርቅ አድርጋለች፤ ጨርቁ አረንጓዴ ነው።

ማክሰኞዎ በሰላም ይዋልልዎ፣ ማጣሪያዎ የጸዳ ይሁን እያልኩ፣ ከራስዎ በላይ ብኖርም ሁልጊዜ ከሥርዓትዎ በታች መሆኔን በማረጋገጥ፣

ጫማውን በእጁ ይዞ የሚፈርመው፣
የሦስተኛ ፎቅ ቋሚ ነዋሪ
ናሁሠናይ ግዛቸው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከውሉ ጋር የተሰጠኝን የሕንፃውን ደንብ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የምድር ቤቱ ቁልፍ ያዥነት ተራ በመጪው ኤፕሪል የሚደርሰው ለሦስተኛ ፎቅ ነው። «እርስዎ ይሻላሉ» ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ርብቃ ዘጋችው። የመጀመሪያዋን ማስታወቂያ፣ ፈገግ ካለች ፀሐይ ጋር፣ ከወዲሁ አዘጋጅተናል፦ «ውድ ጎረቤቶች! በማጣሪያው ውስጥ አንድ ነጭ ፀጉር ተገኝቷል። ባለቤቷ ራሷን ታውቃለች። ደግሞም አዲሱ ሕፃን ጊዜያዊ ሰው አይደለም፤ የሚያቆሽሸውም ለጊዜው አይደለም። ስለዚህ የእኛ ቀን ብቻ ስለማይበቃው፣ ሉካ እንደገና ወደ በረዶው ሄዶ ሐሙሱን እስኪለቅልን ድረስ፣ የሕፃኑ ጨርቅ በወይዘሮ ጽቢንደን ማክሰኞ ይታጠባል።»